የሳይንስ ልብ ወለድ ስንጽፍ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከአራት ኪሎ እስከ ፒያሳ ባሉ ካፌዎች «አንብብልን» እያሉ ወጣቶች የሚሰጡኝ ረቂቅ እየበዛ ነው። ቋንቋቸው ያምራል፤ ሳይንሱ ላይ ሲደርሱ ግን ስህተታቸው ይመሳሰላል።

አንደኛ፣ ማሽኑ አንድ ሌሊት ይነቃና ሰውን ይጠላል። ለምን? ደራሲው አይነግረንም። የዛሬዎቹ የቋንቋ ሞዴሎች ከቀደመው ጽሑፍ ተነስተው ቀጣዩን ቃል በስሌት ይገምታሉ፤ ቂም የሚቋጥሩበት ምክንያት የላቸውም። ይልቅ ሜክሲኮ አደባባይ ላይ የትራፊክ መብራቱን የሚመራ ፕሮግራም «የመኪናውን ሰልፍ አሳጥር» ተብሎ ይታዘዝ። ለእግረኛ አረንጓዴ ማብራት ሰልፉን ያስረዝማልና ጭራሽ አያበራም። ድንችና ካሮት በፌስታል ያንጠለጠሉ እናት አስፋልቱ ዳር እንደቆሙ ይመሻል። ማንም ክፉ ሳይሆን መፈጸሙ ነው የሚያስፈራው።

ሁለተኛው ዘረመልን እንደ ማብሪያና ማጥፊያ መቁጠር ነው። ሳይንቲስቱ «የጀግንነት ዘረመል» ይተክላል፤ ሕፃኑ ጀግና ሆኖ ይወለዳል። ቁመት እንኳ በሺህ የሚቆጠሩ የዘረመል ልዩነቶች፣ ምግብና ሕመም ተደማምረው የሚወስኑት ሆኖ ሳለ ጀግንነት በአንድ ቁራጭ ከየት ይመጣል? ለጄኒፈር ዳውድናና ለኢማኑኤል ሻርፐንቲየር እ.ኤ.አ. በ2020 የኬሚስትሪ ኖቤል ያስገኘው ክሪስፐር የተባለ የዘረመል ማስተካከያ ዘዴ ዲኤንኤን በተመረጠ ቦታ ይቆርጣል፤ አንዳንዴም ያልታለመውን። እ.ኤ.አ. በ2018 ቻይናዊው ሄ ጂያንኩይ ዘረመላቸው የተነካ መንትዮች መወለዳቸውን ሲያሳውቅ ብዙ ሳይንቲስቶች አወገዙት። ልጆቹ አልተጠየቁም። ድርሰቱ ከዚህ ቢነሳ ምን ነበረበት?

ሦስተኛው ከሁሉም ያበሳጨኛል፤ የነጻ ፈቃድን ጥያቄ በአንድ ፕሮፌሰር ንግግር መዝጋት። ገጸ ባሕርዩ ፕሮፌሰር፣ የአንጎል ተመራማሪው ቤንጃሚን ሊቤት እ.ኤ.አ. በ1983 ያሳተመውን ሙከራ ይጠቅሳል፤ ተሳታፊዎቹ እጃቸውን ለማንቀሳቀስ መፈለጋቸውን ከማወቃቸው ሲሶ ሰከንድ ያህል ቀድሞ አንጎላቸው መዘጋጀት ጀምሮ ነበር። «ስለዚህ ምርጫ የለም!» ምዕራፉ አለቀ። ሊቤት ራሱ ግን ሰው በመጨረሻዋ ቅጽበት ድርጊቱን መተው ይችላል ባይ ነበር። ደግሞስ እጅ ማነቃነቅና «ልጄን ዐረብ አገር ልላክ ወይስ ላስቀር» እያሉ ሲገላበጡ ማደር አንድ ነው?

የእኛ ሰው ነገሩን ይበልጥ ያወሳስበዋል። የራሱን ኪሳራ «የአርባ ቀን ዕድሌ ነው» ብሎ ይቀበላል፤ ልጁ ፈተና ሲወድቅ ግን «ባታጠና ነው» ብሎ ይቆጣል። ሁለቱንም ከልቡ ነው። እንዲህ ያለውን ገጸ ባሕርይ «ይህ ሰው ብድሩን አይመልስም» ብሎ ከሚተነብይ የባንክ ፕሮግራም ጋር አጋጥሙት። ኃላፊው ትንቢቱን ነግሮት፣ ብድሩንም ይፍቀድለት። በእልህ ቢከፍል ፕሮግራሙ ተሳስቷል? ወይስ ባይነገረው ኖሮ ልክ ይሆን ነበር? ፕሮፌሰሩን ከታሪኩ ብታስወጡት ምንም አይጎድልም።

የቀረው ቦታው ነው። በቸርችል ጎዳና ላይ መኪና ይበራል፤ ከአዲስ አበባ ግን ስሙ ብቻ አለ። በ2016 ዓ.ም. ከፒያሳ የተነሱ ጎረቤታሞች ተበታትነው ዕድራቸው ምን ይሆናል የሚለው ከበራሪ መኪና የተሻለ የወደፊት ታሪክ ነው። ሁሉን ቻይ ማሽን የግድ ካስፈለጋችሁም፣ መብራት ሲጠፋ ለጄኔሬተሩ ነዳጅ ማን ወረፋ ይዞ እንደሚቀዳ ንገሩን።