የመንገዱ ስፋት ለወፏ ስንት ሜትር ነው? ከሐዋሳ ሐይቅ ዳር የተጻፈ የመለኪያ መመሪያ

ከሠላሳ ዓመት በላይ መንገድ ቀይሻለሁ። ሜትር ዘርግቼ፣ ችካል ተክዬ፣ «ስፋቱ 10 ሜትር» ብዬ ፈርሜ ወደሚቀጥለው ሥራ እሄድ ነበር። ጡረታ ወጥቼ ሐዋሳ ከተቀመጥኩ በኋላ የልጅ ልጄ አንድ ቀን ሐይቅ ዳር ቡና እየጠጣሁ ሳለ ጠየቀችኝ። «አባባ፣ ለወፎቹስ ስፋቱ ስንት ነው?» አፌን ያዝኩ። ይህን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ አብረን ወርደን እንለካለን። ዕቃው ብዙ አይደለም። ሜትር ወይም ቋጠሮ ያለው ገመድ፣ ደብተር፣ ስልክ፣ ከተገኘ የርቀት መነጽር። ደብተሩ ላይ በእርሳስ ጻፉ። እስክሪብቶ ጤዛ ሲነካው እምቢ ይላል።

በመጀመሪያ ጥያቄያችሁን አጥብቡ። «መንገድ የዱር እንስሳትን ይጎዳል ወይ?» ብላችሁ ከወጣችሁ ተከራክራችሁ ትመለሳላችሁ እንጂ አትለኩም። አንድ መንገድ፣ ወይም አንድ ሎጅ፣ ወይም አንድ የኤሌክትሪክ መስመር ምረጡ። ከዚያ በቁጥር የሚመለስ ነገር ጠይቁ። «ከአስፋልቱ እየራቅን ስንሄድ የምናየው የወፍ ዓይነት ይጨምራል? ከስንተኛው ሜትር ጀምሮ?»

እኔ የተሳሳትኩት ከዚህ ቀጥሎ ነው። እንደለመድኩት መንገዱን ይዤ ሄድኩ። ፍቅር ሐይቅ ከሚባለው የሐይቅ ዳር መዝናኛ ወደ አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ በዳር በዳሩ እየተጓዝኩ ደብተር ሞላሁ። ሦስት ሳምንት ውሃ በላው። መንገዱን ተከትሎ የሚሄድ ሰው ከመንገዱ ያለው ርቀት ያው ነው። ርቀቱ ካልተለወጠ ምን ከምን ይነጻጸራል? የምትቆጥሩበት መስመር ከመንገዱ በ90 ዲግሪ ተገንጥሎ የሚወጣ ይሁን።

በመስመሩ ላይ አራት ነጥብ ያዙ፤ ከመንገዱ ጠርዝ 50፣ 150፣ 300 እና 500 ሜትር ላይ። ረግረግ ውስጥ ሜትር መጎተት አይሞከርም። ስለዚህ ሜዳ ላይ 100 ሜትር ለኩና ስንት እርምጃ እንደሚፈጅባችሁ ቁጠሩ። የኔ 138 ነው፤ የልጅ ልጄ 161። ከዚያ በኋላ እግራችሁ ሜትር ይሆናል። ችካል ደግሞ አትትከሉ። በማግስቱ ማገዶ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ዛፍ ወይም ድንጋይ ምልክት አድርጉ።

እያንዳንዱ ነጥብ ላይ 10 ደቂቃ ቁሙ። ከዚያ በፊት ሁለት ደቂቃ ዝም በሉ፤ ወፎቹ የእናንተን መምጣት ይርሱት። በዙሪያችሁ 40 ሜትር ውስጥ ያለውን ብቻ መዝግቡ። ዓይነቱን፣ ብዛቱን፣ ምን እያደረገ እንደሆነ። ይበላል? ጎጆ ይሠራል? ወይስ በላይ አልፎ እየሄደ ነው? አልፎ የሚሄደውን ለብቻው ጻፉት፤ ቦታውን አልተጠቀመበትም።

ሰዓቱ ከጠዋቱ 12:30 እስከ 2:30 ነው። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ሁልጊዜ ከመንገዱ ጠርዝ ከጀመራችሁ፣ ሩቁ ነጥብ ላይ የምትደርሱት ፀሐይ ከሞቀ በኋላ ነው። ያኔ ወፍ ዝም ይላል፤ እናንተ ግን «ሩቅ ላይ ወፍ የለም» ብላችሁ ትጽፋላችሁ። አንድ ቀን ከቅርቡ፣ በሚቀጥለው ከሩቁ ጀምሩ። ቢያንስ አሥር ጠዋት ያስፈልጋል። ወሩም ይታሰብበት። ከመስከረም እስከ መጋቢት ከአውሮፓና ከእስያ ክረምት የሸሹ ወፎች እኛ ዘንድ ይከርማሉ። የታኅሣሥን ቆጠራ ከሐምሌ ጋር አታወዳድሩ።

ሌላ መስመርም ይኑራችሁ፤ ዛፉም ቄጠማውም ተመሳሳይ የሆነ፣ መንገድ ግን የሌለበት። እኛ ቀያሾች ቤንች ማርክ፣ ማለትም ከፍታው የታወቀ መነሻ ነጥብ፣ ሳንይዝ ከፍታ አንለካም። እዚህም እንደዚያው ነው። ከተማው ውስጥ ግን እንዲህ ያለ ቦታ ማግኘት ከባድ ነው። ከአንዱ መንገድ 500 ሜትር ስትርቁ ሌላው መንገድ ላይ ትወጣላችሁ። እኔ ያገኘሁት በጥቁር ውሃ በኩል ነው፤ ወንዙ ወደ ሐይቁ የሚገባበት ረግረግ አካባቢ። እዚያ ግን ሳይነጋ እንዳትገቡ። ጉማሬ አለ። የጉማሬን የሽሽት ርቀት፣ ማለትም ስንት ሜትር ስንቀርበው እንደሚሸሽ፣ አንለካም፤ የምንሸሸው እኛ ነን።

አሁን ወደ አባ ኮዳ ልምጣ። ይህ ወፍ ስንቱን ቆጣሪ አሳስቷል። አሞራ ገደል ሂዱና እዩት። ዓሣ አስጋሪዎቹ ቆሮሶውንና አምባዛውን ይዘረጥጣሉ፣ ልጆች ሆድቃውን ይወረውራሉ። አባ ኮዳ ደግሞ እንደ ጡረተኛ ዳኛ ጥቁር ካባውን ደርቦ ይጠብቃል። ቁመቱ እስከ 1.5 ሜትር ይደርሳል። ራሱ መላጣ ነው፤ አንገቱ ላይ የሚንጠለጠለው ከረጢት ሥጋ ሥጋ ይመስላል። ሰው ልብሱን ቢነካው እንኳ የሚሸሽ አይመስልም። በመጀመሪያው ቆጠራዬ ከፍተኛው ቁጥር የተገኘው ይኸው ግርግሩ መሀል ነበር። ሪፖርት ብጽፍ «ገበያና ኮንክሪት ወፍ ያበዛል» ልል ነው!

ቁጥሩ ልክ ነው፤ ትርጉሙ ነው የተሳሳተው። አባ ኮዳና ጦጣ የኛን ትርፍራፊ ይበላሉ፤ እኛ ስንበዛ ይበዛሉ። ጉሬዛ ግን ቅጠል በል ነው፤ ዛፉ ሲቆረጥ ይሄዳል። በውሃ ቅጠል ላይ በረጃጅም ጣቶቿ የምትራመደው ጃካናም ቅጠሉ ከተነቀለ መቆሚያ የላትም። ስለዚህ ደብተሩን ለሁለት ክፈሉት። በግራ ከኛ ጋር የሚበሉ፣ በቀኝ ከኛ የሚሸሹ። ድምሩን በአንድ ላይ አትደምሩ። በኔ ደብተር የግራው ዓምድ ወደ መንገዱ ሲጠጉ ያድጋል፤ የቀኙ ይመነምናል። ሁለቱ ቢደመሩ ምንም ያልተለወጠ ይመስል ነበር።

በጣም የምወደው መለኪያ የሽሽት ርቀት ነው። አንድ ነጭ ሳቢሳ መሬት ላይ ቆማ ስትበላ ምረጡ። ቀጥ ብላችሁ፣ ሳትሮጡ፣ በእኩል እርምጃ ሂዱባት። አንገቷን ቀና ስታደርግ አንድ ጠጠር ጣሉ። ስትበርር ሌላ ጠጠር ጣሉ። የመጀመሪያው ያየቻችሁበት ነው፤ ለሽሽት ርቀት ከሁለተኛው ጠጠር እሷ ቆማ እስከነበረችበት ድረስ ለኩ። አንድ ጠዋት ከሰው መናፈሻ አጠገብ 9 ሜትር ላይ በረረች። በዚያው ሳምንት ጥቁር ውሃ በኩል 41 ሜትር ላይ። የልጅ ልጄ «የከተማዋ ደፋር ናት» አለች። ሊሆን ይችላል። ለምዳም ይሆናል፤ ወይም የምትሄድበት ሌላ ቦታ የላትም። ርቀቱ ብቻውን ይህን አይናገርም። ለዚህ ነው ከቆጠራው ጋር የሚነበበው። አንዷን ወፍ ደጋግማችሁ አታስደንግጡ፤ ጎጆ ያለበት አጠገብ ደግሞ ጭራሽ አትሞክሩት።

መንገድ ላይ የተገጨውን መቁጠር ሌላ ሥራ ነው። ይህ በእግር ነው የሚሠራው፤ ባጃጅ ውስጥ ሆኖ ጃርት እንጂ እንቁራሪት አይታይም። አንጸባራቂ ሰደርያ ልበሱ፤ ከመኪናው በተቃራኒ ሂዱ። ነገር ግን የምታዩት የሞተውን ሁሉ አይደለም። አንድ ቀን ለመፈተን አሥር የዶሮ ራስ ይዤ ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ በመንገዱ ትከሻ በየ50 እርምጃው አስቀመጥኩ። አሥረኛውን አስቀምጬ ዞር ስል ስምንተኛው አባ ኮዳ አፍ ውስጥ ነበር። ሁለት ሰዓት ላይ ስመለስ የቀረው ሁለት ብቻ። ስለዚህ ጠዋት አንድ የተገጨ እንስሳ ካገኛችሁ ውሻና አሞራ የቀደሟችሁ ሌሎችም እንዳሉ አስቡ። ቁጥራችሁን «ቢያንስ» ብላችሁ ጻፉ።

ጫጫታውን በስልክ ለኩ። የድምፅን ከፍታ የሚለካ የዴሲቤል አፕ በነፃ ይገኛል። ስልክ እንደ ትክክለኛ መሣሪያ አይታመንም፤ ግን ሁልጊዜ በዚያው ስልክ ከለካችሁ ነጥብ ከነጥብ ለማወዳደር ይበቃል። አንድ ደቂቃ ያዙ፤ በዚያች ደቂቃ ያለፈውን ባጃጅና ክላክስ ቁጠሩ።

ወደ ኋላ ለማየት ደግሞ ጉግል ኧርዝን ኮምፒውተር ላይ ክፈቱ። የድሮ የሳተላይት ፎቶዎችን በዓመት ያሳያል። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ የተመረቀው በ2016 እ.ኤ.አ. ስለሆነ በፊትና በኋላ ለማነጻጸር ይመቻል። የቄጠማውንና የዛፉን ዙሪያ አስምሩ፣ ስፋቱን ጻፉ። የበጋን ፎቶ ከበጋ ጋር ብቻ አወዳድሩ። ሐይቃችን በገጸ ምድር የሚወጣ ወንዝ ስለሌለው ከፍ ዝቅ ይላል፤ ዳሩ የጠበበው በግንባታ ይሁን በውሃው መሙላት ሊምታታባችሁ ይችላል።

አንድ ምክር ላክል። የግል ግቢ ከሆነ አስቀድማችሁ አስፈቅዱ። ስሙን የማልጠራው አንድ ሎጅ ዘበኛ ሜትሬን ሲያይ መሬት ልንወስድ የመጣን መስሎት ደብተሬን ቀማኝ። ለሠላሳ ዓመት ሰው ሲያየኝ የሚፈራው ይህንኑ ነበር፤ አልፈረድኩበትም። ደብተሬን ግን እስኪመልስ ግማሽ ቀን ፈጀ።

አሁን ሒሳቡ። አራቱን ነጥቦች በካሬ ወረቀት ላይ አስቀምጡ፤ በታች ርቀት፣ በጎን የሸሺዎቹ ወፎች ዓይነት ብዛት። ነጥቦቹን የሚያያይዘው መስመር ወደ ላይ መውጣቱን የሚያቆምበት ርቀት የመንገዱ እውነተኛ ጠርዝ ነው። አንድ ኪሎ ሜትር መንገድ በ10 ሜትር ስፋት 1 ሄክታር ይወስዳል። ወፎቹ በግራና በቀኝ 100 ሜትር ብቻ ቢሸሹ እንኳ ተጨማሪ 20 ሄክታር ለቀዋል ማለት ነው። ያቺን 1 ሄክታር ነበር ስፈርም የኖርኩት።

የናንተ መስመር 500 ሜትር ላይም መውጣቱን ካላቆመ አትገረሙ። በ2010 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ የመረመረ ሥራ የመንገድና መሰል ግንባታ ጫና በወፍ ላይ እስከ 1 ኪሎ ሜትር፣ በአጥቢ እንስሳት ላይ እስከ 5 ኪሎ ሜትር እንደሚደርስ አሳይቷል። እኛም አሁን በጥቁር ውሃ በኩል 1,000 ሜትር ላይ አምስተኛ ነጥብ ጨምረናል። በኔ እርምጃ 1,380 ነው። የልጅ ልጄ ቀድማኝ ደርሳ ሁለቱን ደቂቃ ዝም ብላ ትጠብቀኛለች።