የ1980ዎቹን የእንግሊዝ ቴሌቪዥን ቅጂ ከቪኤችኤስ ካሴት ወደ ኮምፒውተር እንዴት መገልበጥ ይቻላል

ቪኤችኤስ ዴክ (የቪዲዮ ካሴት ማጫወቻና መቅጃ ማሽን) የእንግሊዝ ገበያ የገባው በ1978 ነው (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከዚያ ወዲህ ሰዉ ቤቱ ተቀምጦ ከአየር ላይ የቀዳቸው ካሴቶች ዛሬም በካርቶን ታጭቀው በየአሮጌ ዕቃ ገበያው ይሸጣሉ። ስመ ጥሮቹ ድራማዎችና ኮሜዲዎች በብዛት በዲቪዲ ስለወጡ ለእነሱ ሲባል ካሴት መገልበጥ ትርፍ ድካም ነው። ብርቁ በመሃል የገባው ነው፦ ማስታወቂያው፣ የጣቢያው አርማ፣ ቀጣዩን ፕሮግራም የምታስተዋውቀው ሴት ድምፅ፣ የየአካባቢው የምሽት ዜና። ይህን ጣቢያዎቹም አዘውትረው አላስቀመጡትም። ስለዚህ ካሴቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ አንድም ማስታወቂያ ሳይዘሉ ይገልብጡ።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

መጀመሪያ ዴክ። የእንግሊዝ ቴሌቪዥን የሚሠራው ፓል በተባለው የምስል ሥርዓት ስለነበር ዴኩም ፓል ማንበብ አለበት። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥንም ፓል ስለሆነ ከአዲስ አበባ የመጣ ዴክ ያለ ችግር ያጫውተዋል፤ የሰርግ ካሴትም በዚሁ መንገድ ይገለበጣል። አሜሪካ የሚሸጡት ግን ኤንቲኤስሲ፣ ማለትም ባለ 525 መስመር ናቸው፤ የፓል ካሴት ሲገባባቸው ምስሉ ይሰባበራል። አሜሪካ የሚኖር ሰው ወይ ሁለቱንም ሥርዓት የሚያጫውት መልቲ ሲስተም ዴክ ይፈልግ፣ ወይ ከአውሮፓ የመጣ ዴክ ከ120 ወደ 230 ቮልት በሚያሳድግ ትራንስፎርመር ይጠቀም። መልቲ ሲስተሙ ምስሉን ወደ ኤንቲኤስሲ የሚቀይር ማብሪያ ካለው ያጥፉት፤ ለምን እንደሆነ ወደ ታች ይገባዎታል።

ኤስ-ቪኤችኤስ (የተሻሻለው ቪኤችኤስ) ዴክ ካገኙ ይሻላል፤ ተራ ቪኤችኤስ ካሴትም ቢሆን ብርሃኑንና ቀለሙን በኤስ-ቪዲዮ ገመድ ለያይቶ ያወጣል። ካላገኙ ቢጫው የቪዲዮ ጃክና ነጭ-ቀዩ የድምፅ ጃክ ይበቃል። የአውሮፓ ዴክ ስካርት የተባለው ባለ 21 እግር መሰኪያ ብቻ ካለው፣ መግቢያና መውጫ የሚቀያይር ማብሪያ ያለው አስማሚ ይግዙና ማብሪያውን «መውጫ» ላይ ያድርጉት። ምስል አልመጣ ሲል መጀመሪያ የሚታየው ይህ ማብሪያ ነው።

ቀጥሎ ምስል ማረጋጊያ። አሮጌ ክር ተሳስቦ ስለሚረዝም እያንዳንዱ የምስል መስመር በትንሹ ቀድሞ ወይም ዘግይቶ ይጀምራል። በዚህ ምክንያት ቀጥ ያለ በር ይንጋደዳል፣ የምስሉ አናትም ወደ ጎን ይታጠፋል። የድሮው ቴሌቪዥን ይህን ይታገሥ ነበር፤ ኮምፒውተር ግን አይታገሥም። ርካሹ መፍትሔ የዲቪዲ መቅጃ ማሽን በዴኩና በኮምፒውተሩ መሃል ማስገባት ነው። ዲስክ አያስፈልገውም፤ ምስሉ በውስጡ ሲያልፍ ይስተካከላል። ለዚህ ሥራ የሚፈለጉት ፓናሶኒክ ዲኤምአር-ኢኤስ10 እና ኢኤስ15 ናቸው።

ከዚያ የዩኤስቢ ቪዲዮ መቀበያ፣ 99% አይሶፕሮፒል አልኮል፣ ባለመስቀል ካቻቢቴ እና ሰፊ ዲስክ። ሀፍዋይዩቪ በተባለው የመጭመቂያ ዘዴ ያለ ብክነት ሲቀዳ አንድ ሰዓት ከ30 እስከ 40 ጊጋባይት ይይዛል። ኢ-180 የተባለው የተለመደው ካሴት 3 ሰዓት ነው፤ በረጅም ፍጥነት (ኤልፒ፣ ክሩ በግማሽ ፍጥነት ሲሄድ) ከተቀዳ 6።

1. ካሴቱን መመርመር

ካሴቱን ብርሃን ላይ ይዘው በመስኮቱ በኩል ጥቅሉን ይዩ። የክሩ ጠርዝ ላይ ነጭ ብናኝ ካለ ሻጋታ ነው፤ ዴክ ውስጥ አይክተቱት። ሄዱን (ክሩን የሚያነበውን የዴኩን ክፍል) ያቆሽሻል፤ ከዚያ በኋላ የሚገባውን ጤነኛ ካሴት ሁሉ ይበክላል። ሻጋታ የያዘውን በፕላስቲክ ከረጢት ለይተው ያስቀምጡ።

በካሴቱ ጀርባ በኩል በስተግራ ያለችውን ትንሽ ፕላስቲክ ይስበሯት። እሷ ከሌለች ዴኩ በስህተት ሊቀዳበት አይችልም። ካሴቱ ከቀዝቃዛ ቦታ ከመጣ አንድ ቀን ክፍል ውስጥ ይቆይ፤ ከዚያ እስከ መጨረሻው አሳልፈው እንደገና ወደ መጀመሪያው ይመልሱት። ይህ ለዓመታት ተላልቶ የቆየውን ጥቅል እኩል ያጠብቀዋል። ክሩ ከተበጠሰ በታች ያሉት 5 ብሎኖች ተፈትተው ይከፈታል። የሚቀጠለው ለዚሁ በተሠራ ማጣበቂያ ነው፤ የጽሕፈት መሣሪያ ስኮች ሙጫው ወጥቶ ሄዱ ላይ ይቀራል።

2. ሄድ ማጽዳት

ዴኩን ከኤሌክትሪክ ነቅለው፣ ክዳኑን ከፍተው፣ በአልኮል የራሰ ንጹሕ ነጭ ወረቀት ሄዶቹን በያዘው ሲሊንደር ላይ ይደግፉ። እጅዎ ሳይንቀሳቀስ ሲሊንደሩን ከላይ ይዘው ቀስ ብለው ያዙሩት። ወደ ላይና ወደ ታች ማሸት ሄዱን ይሰብረዋል። የጆሮ ጥጥም አይሆንም፤ ቃጫው ሄዱን ይይዘውና ይነቅለዋል። ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይድረቅ።

3. ማስተካከል

ካሴቱን አጫውተው ትራኪንጉን (ሄዱ ክሩን የሚከተልበትን መስመር) በእጅ ያስተካክሉ፤ አግድም የሚሄደው ነጭ ሽርጥ ከምስሉ እስኪወጣ ድረስ። በረጅም ፍጥነት የተቀዳ ካሴት በአንድ ዴክ ሲንጫጫ በሌላ ዴክ ጥርት ሊል ስለሚችል፣ ሁለተኛ ዴክ መሞከር ከሰዓታት ድካም ያድናል። ድምፁ የሚያጉረመርም ከሆነ ከሃይፋይ (ከባለ ከፍተኛ ጥራቱ ድምፅ) ወደ መደበኛው የድምፅ መስመር ይቀይሩ። የሚቀርብዎት ነገር የለም፦ የእንግሊዝ ቴሌቪዥን እስከ 1980ዎቹ መጨረሻ ድረስ ከሞላ ጎደል ሞኖ ነበር።

በምስሉ ግርጌ የምትንቀጠቀጠው ቀጭን መስመር ብልሽት አይደለችም። ሄዶቹ የሚፈራረቁባት ቦታ ናት፤ የድሮው ቴሌቪዥን ጠርዝ ስለሚሸፍናት ማንም አያያትም ነበር። ለማየት በሚያዘጋጁት ቅጂ ላይ በጥቁር ይሸፍኗት፣ በዋናው ላይ ግን ይተዉአት።

4. መቅዳት

ቨርቹዋልደብ በተባለው የመቅጃ ፕሮግራም ላይ መጠኑን 720×576፣ ፍጥነቱን በሰከንድ 25 ፍሬም ያድርጉ። ማንኛውንም «ምስል ማሻሻያ» ያጥፉ። ሲቀዱ የተጣሉና የተጨመሩ ፍሬሞችን ቁጥር ይከታተሉ። በሰዓት ሁለት ሦስት ቢሆን ግድ የለም፤ በመቶዎች ከሆነ ድምፁ ከከንፈር እንቅስቃሴ እየራቀ ይሄዳል። ያኔ ማረጋጊያው አልሠራም፣ ወይም ኮምፒውተሩ ሌላ ሥራ ይዟል ማለት ነው።

5. ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ

ኢንተርኔት ላይ ያሉት አብዛኞቹ የድሮ የእንግሊዝ ቅጂዎች የተበላሹት በካሴቱ እርጅና ሳይሆን እዚህ ላይ ነው።

ፓል 625 መስመር አለው፤ ምስል የሚይዙት 576 ናቸው። አንድ ላይ አይሳሉም። መጀመሪያ አንደኛው፣ ሦስተኛው፣ አምስተኛው እያለ ግማሹ ይሳላል፤ ከሰከንድ አንድ ሃምሳኛ በኋላ ሁለተኛው፣ አራተኛው እያለ ሌላው ግማሽ። የስቱዲዮ ኤሌክትሮኒክ ካሜራ እነዚህን ሁለት ግማሾች የሚይዛቸው በተለያየ ቅጽበት ነው፤ በሰከንድ 50 ቅጽበት ማለት ነው። የፊልም ካሜራ ግን ሁለቱንም ግማሽ የሚሰጠው ከአንድ ቅጽበት ስለሆነ 25 ብቻ ነው።

በዚያ ዘመን የእንግሊዝ ኮሜዲና ድራማ ውስጡ በስቱዲዮ ቪዲዮ፣ ውጭው በፊልም ይነሳ ነበር። በ1975 የጀመረው የሆቴል ኮሜዲ «ፎልቲ ታወርስ» ጥሩ ምሳሌ ነው፦ የሆቴሉ ውስጥ ስቱዲዮ፣ የሆቴሉ ደጅ ደግሞ በበኪንግሃምሻየር ይገኝ የነበረ እውነተኛ ሕንፃ። የሆቴሉ ባለቤት ምግብ ቤቱ ውስጥ ሲሯሯጥ እንቅስቃሴው እንደ ውሃ ይፈሳል፤ በሩን ከፍቶ ሲወጣ ምስሉ ድንገት ሲኒማ ሲኒማ ይላል። ያ ልዩነት የዘመኑ ጠረን ነው። ተራ ሶፍትዌር ሁለቱን ግማሽ ጨፍልቆ 25 ሲያደርጋቸው ስቱዲዮውም ፊልሙም አንድ ዓይነት ይሆናል፤ የሚንቀሳቀሰው ነገር ጠርዝም እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ይሸነሸናል። ወደ ኤንቲኤስሲ የሚቀይረውን ማብሪያ ያጥፉት ያልነውም ለዚሁ ነው።

መፍትሔው እያንዳንዱን ግማሽ ወደ ሙሉ ፍሬም መለወጥና በሰከንድ 50 ማውጣት ነው። ጥራቱ የላቀው ኪውቲጂኤምሲ የተባለው ማጣሪያ ነው፣ ግን አዝጋሚ ነው፤ ለቸኮለ ሀንድብሬክ በተባለው ፕሮግራም ውስጥ ብዊዲፍ የሚለውን ማጣሪያ መርጦ «ቦብ» ማድረግ ይበቃል። ለማረጋገጥ የማጠናቀቂያ ስሞች ወደ ላይ የሚንሸራተቱበትን ቦታ ከፍተው ፍሬም በፍሬም ይሂዱ። ፊደሎቹ በየእርምጃው ከፍ ካሉ ተሳክቷል። ከፍ፣ ዝቅ፣ ከፍ ካሉ የግማሾቹ ቅደም ተከተል ተገላብጧል፤ «የላይኛው ቀድሞ» የሚለውን ወደ «የታችኛው ቀድሞ» ይቀይሩት። ዲቪ በተባለው ዲጂታል የቪዲዮ ዓይነት የተቀዳ ፋይል ብዙ ጊዜ የታችኛው ቀዳሚ ነው።

ቅርጹን 4:3፣ ማለትም 768×576 ያድርጉ። ወደ ሰፊ ስክሪን አይለጥጡት፤ ሰው ሁሉ አጭርና ወፍራም ይሆናል። ዩቲዩብ በሰከንድ 50ን የሚይዘው ከ720 መስመር ጀምሮ ስለሆነ፣ የሚጭኑት ካለ ወደ 1440×1080 ያሳድጉት። ለግል ማየትና ለሕዝብ መልቀቅ በሕግ አንድ አይደሉም፤ የፕሮግራሙ መብት እስካሁን የባለቤቱ ነው።

6. ዘመኑን ማወቅና ስም መስጠት

ካሴቱ ላይ የተጻፈውን ብዙ አይመኑ፤ በላዩ ላይ ደጋግሞ ተቀድቶበት ሊሆን ይችላል። ቻናል 4 ከታየ ከኅዳር 2፣ 1982 ወዲህ ነው (በፈረንጆቹ ኖቬምበር 2)። የለንደን የሥራ ቀናት ጣቢያ የነበረው የቴምዝ ቴሌቪዥን አርማ ካለ ከ1992 መጨረሻ በፊት ነው። የቢቢሲ ፕሮግራም መጨረሻ ላይ ዓመቱ በሮማ ቁጥር ይጻፋል፤ እሱ ግን የተሠራበት እንጂ የተላለፈበት ዓመት ስላልሆነ ድጋሚ ስርጭት እንዳያሳስትዎ። ቀኑን የሚቆርጠው በመሃል ያለው ዜና ነው። የፋይሉን ስም ዓመት፣ ወር፣ ቀን፣ ጣቢያ ብለው ይስጡት፤ ያልተረጋገጠው ላይ «ገደማ» ይጨምሩ።

ዋናውን ፋይል በሁለት ዲስክ ያስቀምጡ። ካሴቱንም አይጣሉት፦ ሲግናሉን በቀጥታ ከሄዱ የሚያነብ ቪኤችኤስ-ዲኮድ የተባለ አሠራር አለ፤ ከምስሉ በላይ ባሉት የማይታዩ መስመሮች ውስጥ ተደብቆ የቀረውን የቴሌቴክስት (በቴሌቪዥን የሚነበብ ጽሑፍ) ገጽ እስከ ማውጣት የደረሱም አሉ። ክሩን ወደ መጀመሪያው መልሰው፣ እንደ መጽሐፍ አቁመው፣ ከፀሐይና ከድምፅ ማጉያ ያርቁት።