የናፍጣ መኪና እየተነዳ ሲጠፋ፦ የናፍጣ ፖምፓ ከማስወረድ በፊት የሚታዩ ነገሮች

ከአዳማ ወደ አዲስ አበባ መንገዱ ዳገት ነው። ከተማ ውስጥ ያለ ችግር ሲዞር የሰነበተ መኪና ሞጆን አልፎ የሚጠፋውም ብዙ ጊዜ ለዚህ ነው፤ ሞተሩ ጭነት ሲበዛበት የሚፈልገውን ናፍጣ በግማሽ የተደፈነ ፊልትሮ (የናፍጣ ማጣሪያ) ሊያሳልፍለት አይችልም።

ሞተሩ ሲጠፋ ፍሬኑም መሪውም ይከብዳል። ፍሬኑን ደጋግማችሁ አትርገጡ፤ የቀረው እገዛ ለአንድ ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። አንዴ አጥብቃችሁ እንደያዛችሁ ወደ ቀኝ ጠርዝ ውጡ። መኪናው ሳይቆም ቁልፉን አትንቀሉ፣ መሪው ይቆለፋል።

አሁን አጠፋፉን አስታውሱ። ቁልፍ የተዘጋበት ይመስል ድንገት ድርግም ካለ መጀመሪያ ኤሌክትሪኩን ጠርጥሩ። እየተንገጫገጨ፣ ነዳጅ መስጫው ቢረገጥም ጉልበት እያጣ ከጠፋ ግን ናፍጣ አልደረሰውም። ይህ ሳይጠየቅ ፖምፓ የሚያስወርድ ሰው ገንዘቡን በከንቱ ያፈሳል።

ናፍጣ ከሆነ የሰልባትዮውን (የናፍጣ ታንኩን) ክዳን ክፈቱ። አየር በኃይል ወደ ውስጥ ከሳበና ሞተሩ ወዲያው ከተነሳ መተንፈሻው ተደፍኗል። ቀጥሎ ፊልትሮው ላይ ያለውን የእጅ ፓምፕ ደጋግማችሁ ጫኑ። ጥቂት ቆይቶ መጠንከር አለበት። እንደላላ ከቀረ አየር እየሳበ ነው፤ ተጭኖ ካልተመለሰ ከሰልባትዮ የሚመጣው መስመር ተዘግቷል።

ከፊልትሮው የታች ማፍሰሻ አንድ ብርጭቆ ያህል ወደ ባዶ ሃይላንድ ቅዱና 10 ደቂቃ አስቀምጡት። ውሃ ካለ ከናፍጣው ሥር ተለይቶ ይተኛል፤ ሃይላንዱን ስታዘነብሉት እንደ ድቡልቡል ጠብታ ይንከባለላል። ናፍጣው በጀሪካን የተገዛ ከሆነ ይህን ፍተሻ በፍጹም አትዝለሉ። ውሃ ከተገኘ ፊልትሮ መቀየር ብቻውን አይበቃም፣ ሰልባትዮውም ወርዶ ይታጠብ።

አየር ሲሆን ይበልጥ ያታልላል። በመምጠጫው በኩል ያለ ስንጥቅ አየር ይስባል እንጂ ናፍጣ ላያንጠባጥብ ስለሚችል ከውጭ ደረቅ ሆኖ ይታያል። በድሮው (ሜካኒካል) ፖምፓ ላይ ከፊልትሮ ወደ ፖምፓ የሚሄደውን ጎማ አውልቃችሁ በውስጡ የሚያሳይ ቱቦ ተኩ። በሚኒሞ (ነዳጅ መስጫው ሳይረገጥ)፣ ቀጥሎ በ2,500 ዙር እዩት። አረፋ ተከታትሎ ካለፈ ወደ ኋላ እየሄዳችሁ የደረቁ ጎማዎችንና የላሉ ማሰሪያዎችን ፈልጉ። ማረጋገጥ ከፈለጋችሁ ንጹሕ ናፍጣ ያለበት 5 ሊትር ጀሪካን ከቺንጋ (ሞተሩ ከሚያዞረው ቀበቶ) እና ከጋለ ነገር ርቆ አስቀምጡ፤ መምጠጫውንም መመለሻውንም እዚያ አገናኙ። ችግሩ ከጠፋ ጥፋቱ ከሰልባትዮ በኩል ነው።

ለኤሌክትሪኩ የባትሪውን ጫፎች፣ የቦዲ ሽቦውን፣ ፊውዝና ሪሌዎችን በእጅ ነካክታችሁ ጀምሩ። በድሮው ፖምፓ ላይ ናፍጣ የሚዘጋው ሶሌኖይድ ቁልፍ ሲከፈት "ቀጭ" ማለት አለበት። ሽቦው ላይ 12 ቮልት እያለ ድምፅ ከሌለ ሶሌኖይዱ ሞቷል፤ ቮልቱ ከሌለ ሽቦውን ተከተሉ።

ኮመን ሬል (ናፍጣው ሬል በሚባል የጋራ ቱቦ በከፍተኛ ግፊት ተይዞ በኮምፒውተር የሚረጭበት ሞተር) ከሆነ፣ ሲሞቅ ጠፍቶ 20 ወይም 30 ደቂቃ ቀዝቅዞ የሚነሳ መኪና መጀመሪያ የሚያስጠረጥረው የክራንክ ሴንሰሩን (የሞተሩን ዙር የሚያነበውን) ነው። ሞተሪኖው (ማስነሻው) እያዞረ ስካነሩ (የመኪናውን የብልሽት ኮድ የሚያነበው መሣሪያ) ዙሩን 0 ካሳየ ሴንሰሩን ወይም ሽቦውን ያዙ። ኮድ ፒ0335 የዚሁ ነው፤ ፒ0087 ደግሞ የሬሉ ግፊት መውረዱን ስለሚናገር ወደ ፊልትሮው ይመልሳችኋል። በዚህ ሞተር ላይ የኢንጄክተር ቱቦ እየሠራ ፈጽሞ አትፍቱ፤ ከ1,000 ባር በላይ የሚወጣ ናፍጣ ቆዳ ይበሳል።

ይህ ሁሉ ታይቶ ምንም ካልተገኘ፣ ያኔ ፖምፓው ወርዶ መሞከሪያ ማሽን ላይ ይታይ።