የጣሪያዎን ዕድሜ ኢንሹራንሱ ከማወቁ በፊት እርስዎ ይወቁት

አዳማ ውስጥ ነፋስ ጣሪያ ሲያነሳ ድምፁን የሰማ ሰው አይረሳውም። መጀመሪያ የጠርዙ ቆርቆሮ ይንኳኳል፤ ምስማሩ ይለቃል፤ ከዚያ አንዱ ሌላውን ይዞት ይሄዳል። በከተማዋ አጠገብ በ2004 እና በ2007 ዓ.ም. የተጠናቀቁት የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች እዚህ የተተከሉት በከንቱ አይደለም። የእኔ ጣሪያ ግማሹ ጎረቤት ግቢ ውስጥ ያረፈው ከአራት ዓመት በፊት ነው። ኢንሹራንስ ስለነበረኝ ያን ሌሊት በተወጠረ ላስቲክ ሥር እንኳ ተኛሁ። እንቅልፍ ያጣሁት የኢንሹራንሱ የጉዳት ገማች መጥቶ ከሄደ በኋላ ነው።

1. ፖሊሲውን፣ ማለትም የኢንሹራንስ ውልዎን፣ ያውጡና ነፋስ የሚል ቃል ይፈልጉ። ባንክ ለብድሩ ሲል ያስገባዎት ውል ብዙውን ጊዜ የእሳትና የመብረቅ ነው። አውሎ ነፋስና ጎርፍ ተጨማሪ አረቦን (የኢንሹራንስ ክፍያ) ተከፍሎባቸው የሚገቡ ናቸው። ከሌሉ ያስጨምሩ። ዝገትና እርጅና ግን ቢከፍሉም አይሸፈኑም።

2. የጣሪያውን ትክክለኛ ዕድሜ ያግኙ። እኔ የወደቅሁት እዚህ ላይ ነው። ቤቱን የገዛሁት ተሠርቶ ከቆየ በኋላ ነበር፤ ሻጩ «ጣሪያው ታድሷል» አለኝ፤ ቆርቆሮውም አረንጓዴ ሆኖ ያብረቀርቅ ነበር። የኢንሹራንሱን ቅጽ ስሞላ ታደሰ የተባለበትን ዓመት ጻፍሁ። ገማቹ ወደ ወደቀው ቆርቆሮ ጎንበስ አለና በካቻቪቴ ጫፍ ቀለሙን ፋቅ አደረገው። ሥሩ ቡናማ ዱቄት ነበር። «ይሄ የታደሰ አይደለም ጋሼ፣ የተቀባ ነው» አለኝ። ደረሰኝ ጠየቀኝ፤ የለኝም። ስለዚህ የጣሪያውን ዕድሜ ቤቱ ከተሠራበት ዓመት ጀምሮ ቆጠረ፤ ዕድሜው በበዛ ቁጥር ደግሞ ካሳው ያንሳል። ያወቅሁትን ደብቄ ቢሆን ኖሮ ደግሞ ውሉ ራሱ ሊፈርስብኝ ይችል ነበር።

ስለዚህ ቀለምን አይመኑ። የግንባታ ወይም የእድሳት ፈቃድ ካለ ከማዘጋጃ ቤት ቅጂ ይጠይቁ፤ የቀድሞውን ባለቤት የቆርቆሮ ደረሰኝ ይለምኑት፤ ጣሪያውን የመታውን አናጺ የሚያውቅ ጎረቤት ካለ ቡና አፍልተው ይጠይቁ። ይህ ሁሉ ካልተገኘ ወደ ኮርኒሱ መግቢያ ይውጡ። አንዳንድ ፋብሪካዎች ስማቸውንና የቆርቆሮውን ጌጅ (የውፍረት መለኪያ ቁጥር) በቆርቆሮው ላይ ያትማሉ፤ ከውስጥ በኩል ያለው ጽሑፍ ፀሐይ ስለማይነካው ይቆያል። የጌጁ ቁጥር ሲጨምር ቆርቆሮው እንደሚሳሳ አይርሱ፤ 28 ከ32 ይወፍራል። እዚያው እያሉ በቀትር መብራቱን አጥፍተው ቀና ይበሉ። በምስማሮቹ ዙሪያ እንደ ኮከብ የሚያበሩ ነጥቦች ካዩ ቆርቆሮው ዕድሜውን ራሱ ነግሮዎታል፤ ነፋሱ ሲያንቀጠቅጠው ምስማሩ ቀዳዳውን አስፍቶታል ማለት ነው።

በሬንጅ መድፈን? ለክረምቱ ያሻግራል፤ አልከለክልም። ለገማች ዓይን ግን እያንዳንዱ የሬንጅ ጠብታ «እዚህ ያፈስ ነበር» የሚል ፊርማ ነው። ገንዘብ ካለዎት የጠርዙን ሁለት ረድፍ ምስማር አስነቅለው ባለ ጎማ ብሎን ያስመቱ። ነፋስ የሚጀምረው ከጠርዝ ነው።

3. ካሳው በምን ዋጋ እንደሚሰላ በጽሑፍ ይጠይቁ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ የመድን ክፍሉ አሁንም ይሠራበታል፤ አንቀጽ 678 ካሳው ንብረቱ ጉዳት በደረሰበት ቀን ከነበረው ዋጋ እንዳይበልጥ ይላል። በእንዲህ ዓይነቱ ስሌት አሮጌ ቆርቆሮ በአዲስ ቆርቆሮ ዋጋ አይካስም። ለምሳሌ ጥገናው 200,000 ብር ይፈጃል እንበል፤ ገማቹም አንድ ጣሪያ በጠቅላላው የሚያገለግለውን 25 ዓመት አድርጎ ይያዝና ለእያንዳንዱ ያለፈ ዓመት እኩል ይቀንስ። ጣሪያው 15 ዓመቱ መሆኑን ካስረዱ ስልሳ በመቶ ይቀነሳል፤ 80,000 ብር ይቀራል። ማስረጃ አጥተው 20 ዓመት ከተባለ የሚቀረው 40,000 ነው። በአንድ ወረቀት እጦት ግማሹ ሄደ። ከዚህ ላይ ኤክሰስ የሚሉት፣ በእርስዎ ላይ የሚቀረው ድርሻ ይነሳል።

አዲስ መተኪያ ዋጋ የሚከፍል ውል ካለ አረቦኑ ይወደዳል፤ ለአሮጌ ጣሪያም በቀላሉ አይሰጥም። በአሜሪካ የአስፋልት ንጣፍ ጣሪያ ሃያ ዓመት ገደማ ሲሞላው ብዙ ኩባንያዎች ሙሉ ዋጋ መክፈል ያቆማሉ፤ ኢንተርኔት ላይ የሚያነቡት ሰንጠረዥ አብዛኛው የዚያ ነው። ወደ ቆርቆሮ አይገለብጡት።

4 እና 5. የቤቱን ዋጋ በየዓመቱ ያስተካክሉ፣ ጣሪያ ሲቀይሩም ያሳውቁ። ሁለቱን ያጣመርሁት በአንድ ደብዳቤ ስለሚያልቁ ነው። ሦስት ሚሊዮን የሚያወጣ ቤት በአንድ ሚሊዮን ተኩል ከተመዘገበ ለግማሹ ራስዎ መድን ሰጪ ነዎት፤ ጉዳቱ ትንሽ ቢሆንም ካሳው በዚያው ልክ ይቀነሳል። ቆርቆሮ በተወደደ ቁጥር ይህ ክፍተት ሳያውቁት ይሰፋል። ደብዳቤውን በሁለት ቅጂ ይውሰዱና አንዱ ላይ የገቢ ማኅተም ያስመቱ። የሥራውን ፎቶግራፍ ከአሮጌው ቆርቆሮ መነሳት ጀምሮ ያንሱ፤ ያለቀለት ጣሪያ ፎቶ ብቻውን የተቀባ ነው ከመባል አያድንም።

የካሽ ሬጂስተር ደረሰኝ ደግሞ በአዳማ ሙቀት ቶሎ ይነጣል። የእኔን የአዲሱን ቆርቆሮ ደረሰኝ በተገዛበት ቀን ፎቶ ኮፒ አስደርጌዋለሁ። ዋናው አሁን ባዶ ነጭ ወረቀት ነው፤ ከኮፒው ጋር አያይዤ አስቀምጬዋለሁ። የፋብሪካው ማኅተም ያለበት አንድ ክንድ ቁራጭ ቆርቆሮም አልጋ ሥር አለ፤ ባለቤቴ ስታጸዳ ባወጣችው ቁጥር መልሼ አስገባዋለሁ።