ለኤሊየኖች "ሰላም" ከማለታችን በፊት የምንሳሳታቸው ነገሮች

የኤሊየን ወሬ ሲነሳ ጨዋታው ወዲያው ለሁለት ይከፈላል። ግማሹ "ይምጡ፣ እንተዋወቅ" ይላል፤ ግማሹ "ይፈጁናል፣ ዝም በሉ" ይላል። ሁለቱም ወገኖች ግን ተመሳሳይ ስህተት ሲሠሩ አያለሁ። (ዓመታቱን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው።)

ማዳመጥንና መላክን ማምታታት። አሜሪካዊው የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ፍራንክ ድሬክ በ1960 ዌስት ቨርጂኒያ ውስጥ ግሪን ባንክ ላይ የሬዲዮ ቴሌስኮፕ ወደ ሁለት ኮከቦች አዙሮ አዳመጠ እንጂ ምንም አልላከም። ማዳመጥ ባይሳካ የሚባክነው ጊዜና ገንዘብ ነው። የተላከ ሞገድ ግን ተከትለው አይመልሱትም። "ፍለጋው ይቁም" የሚሉ ሰዎችን ጠጋ ብላችሁ ብትጠይቋቸው፣ አብዛኞቹን የሚያስፈራቸው መላኩ ነው።

"መልሱ የት አባቱ ይመጣል!" ብሎ መናቅ። ኖቬምበር 16 ቀን 1974 ከፖርቶ ሪኮው የአረሲቦ ቴሌስኮፕ ኤም 13 ወደተባለው የኮከቦች ክምችት መልእክት ተላከ። ርቀቱ 25 ሺህ የብርሃን ዓመት (አንዱ፣ ብርሃን በአንድ ዓመት የሚጓዘው ርቀት ነው) ገደማ ስለሆነ መልስ ቢኖር እንኳ የሚደርሰው ከ50 ሺህ ዓመት በኋላ ነው። ላኪው ቴሌስኮፕ ራሱ በዲሴምበር 2020 ተደርምሷል። ሰው ይህን ሰምቶ "እንግዲያው ምን ያስፈራል?" ይላል። በ2017 ግን ከኖርዌይዋ ትሮምሶ ወደ ሉይተን ኮከብ መልእክት ተልኳል፤ እሱ ያለው 12 የብርሃን ዓመት ገደማ ላይ ነው። እዚያ የሚሰማ ካለ መልሱ ዛሬ ያሉ ሕፃናት ጎልማሳ ሲሆኑ ሊደርስ ይችላል።

"ይገባቸዋል" ብሎ ማሰብ። የአረሲቦው መልእክት 1679 ነጥቦች ነበሩት፤ ቁጥሩ የተመረጠው በ23 እና በ73 ካልሆነ በቀር በሌላ ስለማይከፈል ነው። በ73 ረድፍ፣ በየረድፉ 23 አድርጎ የደረደረ ሰው ሥዕል ያገኛል። አገላብጦ የደረደረ ትርምስ ብቻ ያያል። በትክክል ቢደረደርስ? መሐል ላይ በጥቂት ነጥቦች የተሠራ ሰው ቆሟል። ቁመቱን ለማወቅ የመልእክቱን የሞገድ ርዝመት፣ 12.6 ሴንቲሜትሩን፣ በ14 ማባዛት አለባችሁ፤ 176 ሴንቲሜትር ይሆናል። ሥሩ የተደረደሩት ፀሐይና ፕላኔቶቿ ናቸው፤ ያኔ ገና ፕላኔት የነበረችው ፕሉቶም አለች። ከታች የተሣለውን ቴሌስኮፕ እኔ መጀመሪያ ሳየው ጎድጓዳ ሳህን መስሎኝ ነበር። እኔ ደግሞ የላኪዎቹ ወገን ነኝ፣ ዐይንም እጅም እንደነሱው ያለኝ።

"ድሮም ያውቁናል፣ በቴሌቪዥን ሞገድ ተጋልጠናል" ማለት። በየአቅጣጫው የሚበተን ሞገድ ርቀቱ በእጥፍ ሲጨምር ጉልበቱ ወደ ሩብ ይወርዳል። በከዋክብት ርቀት ላይ የቴሌቪዥን ሥርጭትን ለመያዝ እኛ ካለን እጅግ የሚበልጥ ጆሮ ያስፈልጋል። ወደ አንድ አቅጣጫ ተሰብስቦ የሚላክ መልእክት ሌላ ነገር ነው። ስለዚህ "ምንም አይለውጥም" የሚለው መከራከሪያ አያስኬድም።

"የሰው ልጅ ላከ" ማለት። ለኔ ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። ከአረሲቦው መልእክት በኋላ እንግሊዛዊው የሥነ ፈለክ ሊቅ ማርቲን ራይል ተቃውሞውን አሰምቶ ነበር። በ1989 ተመራማሪዎች የተስማሙበት ሰነድ ምልክት ከተሰማ ዓለም ሳይመክርበት መልስ አይሰጥ ይላል፤ ግን አስገዳጅ ሕግ አይደለም። ትልቅ ማሠራጫ ያለው ሁሉ ነገ ተነስቶ በስማችን መላክ ይችላል።

በ1977 በቮዬጀር መንኮራኩሮች ላይ የተጫነውን ወርቃማ ሸክላ ተመልከቱ። በ55 ቋንቋ ሰላምታ ተቀድቶበታል። ብዙዎቹ ድምፆች የተቀዱት አሜሪካ፣ ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ አካባቢ ከተገኙ ተናጋሪዎች ነው። የመጨረሻ ተናጋሪዎቻቸው ከሞቱ ሺህ ዓመታት ያለፉት ሱመርኛና አካድኛ አሉበት፤ ከአፍሪካም ሉጋንዳ፣ ሶቶና ኒያንጃ አሉ። አማርኛ የለም፣ ኦሮምኛም፣ ትግርኛም የለም።