ሥራው ሊያልቅ ሲል የሚመጣውን ፍርሃት እንዴት ማለፍ ይቻላል

ከአሥር ዘጠኝ እጁ ያለቀ ሥዕል፣ ዐውደ ርእዩ ሊከፈት አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ እንደገና በዘይት ቀለም ይቀባል። በጅማ ክረምት ያ ቀለም በጊዜው አይደርቅም፤ ሥዕሉም ሳይታይ ይቀራል። ሠዓሊው ሲለፋ ስለከረመ ሰነፍ አይባልም፤ ሥራው ስላልታየም አይመዘንም። ራስን ማሰናከል ይኸው ነው።

ምንጩ ብዙ ጊዜ «አንዴ ተሳካልኝ፤ እንዴት እንደሆነ ግን አላውቅም» የሚል ስጋት ነው። በ1978 እ.ኤ.አ. በርግላስና ጆንስ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ለተሳታፊዎች መልስ የሌላቸውን ጥያቄዎች ሰጥተው «ጥሩ ሠርታችኋል» አሏቸው። ከቀጣዩ ፈተና በፊት መድኃኒት ሲያስመርጧቸው፣ በተለይ ወንዶቹ አእምሮን ያዳክማል ወደተባለው አደሉ። ውጤቱን መድገም ስላልተማመኑ ሰበቡን አስቀድመው ያዙ።

ስለዚህ መጀመሪያ ደብተር ይያዙ። የጅማን ባለ ሦስት እግር በርጩማ ከአንድ ግንድ የሚፈለፍል ሰው ዛፉ መቼ እንደተቆረጠ፣ ጥላ ውስጥ ስንት ሳምንት እንደቆየ፣ የት ላይ እንደተሰነጠቀ ይጻፍ። እርጥብ እንጨት ፀሐይ ላይ ሲውል ጫፉ ከመሐሉ ቀድሞ ደርቆ ስለሚኮማተር ይሰነጠቃል። ይህን የመዘገበ ባለሙያ ያማረ በርጩማ ሲወጣለት ዕድል ነው አይልም። ጽሑፉ በቀን ከ10 ደቂቃ አይለፍ፤ አለዚያ ደብተሩም ከሥራው መደበቂያ ይሆናል።

ቀጥሎ ከማስረከቢያው ቀን ወደ ኋላ ይቁጠሩ። በዘይት ቀለም ከሆነ የመጨረሻው ብሩሽ ቢያንስ 3 ሳምንት ቀደም ብሎ ይቁም፤ ወፍራም ቅብ ከዚህም በላይ ይፈልጋል። በውሃ የሚበጠበጠውና ቶሎ የሚደርቀው አክሬሊክ ቀለም ከሆነ 2 ቀን ይበቃል። ከዚያ በኋላ የሚነካው ፍሬሙ፣ ማንጠልጠያውና የስም ወረቀቱ ብቻ ነው። በዚህ ጊዜ አስተያየት የሚጠየቀው አንድ ሰው ብቻ ይሁን፤ አምስት ሰው ከጠየቁ አምስት ቦታ እንደገና ይከፍታሉ።

ዋጋውን ሥራው ሳያልቅ ወስነው ይጻፉ፤ ገዢ ፊት ሲቆሙ በግማሽ የሚቀንሰው ያው ፍርሃት ነው። ያለቀውን ሥራ የማድረሱንም ኃላፊነት ለሚያምኑት ሰው ይስጡ።

የሚከብደው «ቢሳካስ?» የሚለው ነው። ዘመድ ብድር ይጠይቀኛል፣ ትዕዛዝ ይከመርብኛል፣ ሰው ዓይን ውስጥ እገባለሁ። ፍርሃቱ ከንቱ አይደለምና ለእያንዳንዱ አንድ መልስ ያዘጋጁ፦ «በወር ከ2 ትዕዛዝ በላይ አልቀበልም፤ ግማሹ ቀብድ ነው።» መልስ ያላገኙለትን ስጋት ደብተሩ ላይ ጽፈው ይክበቡትና ከሚያስረክቡበት ቀን በፊት ከቤተሰብ ጋር ይነጋገሩበት።