አይጥ ደረት ውስጥ ፈሳሽ ማስገባት፦ ቁም ነገሩ ጥልቀቱ ነው

ፈሳሹ የሚገባው ሳንባ ውስጥ ሳይሆን በሳንባና በጎድን አጥንቶች መካከል ባለው እጅግ ጠባብ ክፍተት ነው። ስለዚህ ሥራው ከመርፌው ይጀምራል። 27 ጌጅ (ቀጭን) መርፌ ላይ ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ አልብሱና ጫፉ ከ3 እስከ 4 ሚሊሜትር ብቻ እንዲወጣ አድርጉ። ይህ ማገጃ ከሌለ የሠለጠነ እጅም ሳንባ ይወጋል።

ሙከራው የእንስሳት ሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ ያለው መሆን አለበት። ለብግነት ጥናት የሚውለውን 1% ካራጂናን፣ ማለትም ከባሕር አረም የሚገኘውን ብግነት ቀስቃሽ ንጥረ ነገር (10 ሚሊግራም በ1 ሚሊሊትር ንጹሕ የጨው ውኃ ወይም ሳላይን)፣ ሞቅ አድርጋችሁ አሟሙ፤ ጓጉሎ ከቀረ መርፌውን ይደፍናል። 25 ግራም ለምትመዝን አይጥ 0.1 ሚሊሊትር ይበቃል። ሲሪንጁ ውስጥ የአየር አረፋ አይኑር።

አይጧን በሚተነፈስ ማደንዘዣ፣ በአይሶፍሉራን፣ አደንዝዙ፤ ለማስተኛት ከ3 እስከ 4%፣ ከዚያ 2% አካባቢ። እግሯን ቆንጠጥ ስታደርጉ የምትሰበስበው ከሆነ ገና ነው። በግራ ጎኗ ማሞቂያ ላይ አስተኟት፤ ልብ ወደ ግራ ስለሚያደላ የሚወጋው ቀኙ ነው። ፀጉሩን ላጩ፣ በአልኮል ጥረጉ።

ቦታው በ5ኛውና በ6ኛው የጎድን አጥንት መካከል ነው። ዝቅ ካላችሁ የምታገኙት ጉበት ነው። ቆዳውን ትንሽ ወደ ጎን ሳብ አድርጉ፤ በኋላ ሲመለስ የቆዳውና የጡንቻው ቀዳዳ ስለማይገጥም አየር አይገባም። የደም ሥሮቹ በእያንዳንዱ አጥንት የኋላ ጠርዝ ሥር ስለሚያልፉ፣ መርፌውን የ6ኛውን አጥንት የፊት ጠርዝ አስታካችሁ አስገቡ። ጡንቻው ሲያልፍ እጅ ላይ ላላ ይላል። እዚያው ቁሙ፣ በቀስታ ግፉ። ሲሪንጁን ከመርፌው ላይ አትንቀሉ፤ ደረት ውስጥ ያለው ግፊት ከውጭው ስለሚያንስ አየር ይስባል።

ፈሳሹ እምቢ ካለ ጫፉ ጡንቻ ውስጥ ነው። ቆዳ ሥር ካበጠ አልደረሳችሁም። አይጧ ከነቃች በኋላ አፏን ከፍታ የምትተነፍስ ወይም የምትጠቁር ከሆነ አየር ገብቷል ወይም ሳንባ ተወግቷል፤ በፕሮቶኮሉ መሠረት ሳታሠቃዩ ገላግሏት።

ለልምምድ በሞተች አይጥ ላይ ሰማያዊ ቀለም ወግታችሁ ደረቷን ክፈቱ። ቀለሙ የሳንባውን ላይኛ ገጽና የጎድን አጥንቶቹን ውስጠኛ ክፍል ከቀባ ተሳክቷል። ሳንባው ውስጥ አንድ ቦታ ብቻ ተጠራቅሞ ከታየ ከማገጃው የሚወጣውን የመርፌ ጫፍ 1 ሚሊሜትር አሳጥሩ።